የአባዬ አውራ ጣት

ካዛንቺስ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 18 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድሜ ለቴዎ፣
ቴፒ፣ ዝናቡ ከሰው በሚበዛበት አገር፤

እኔ ሐሴት ቸሩ፣ የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ ሙሉ አእምሮዬ ላይ ሆኜ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳይደልለኝ የሚከተለውን ቃል እሰጣለሁ፦ እትዬ ሸዋ ላንተ ብለው ያዘጋጁትን ዳቦ ቆሎ ግማሹን በልቼዋለሁ። «ግማሹን» ስልም ለራሴ አድልቼ ነው። ከረጢቱ ቀሎብህ ብታገኘው ጋሽ ዘርአይን እንዳትጠረጥራቸው። እሳቸው ነገ ከላንቻ በጭነት መኪናቸው ሲነሱ የሚያውቁት ነገር የለም። ወንጀሉ የኔ ነው፤ ቅጣቱን ስትመጣ በአካል ትሰጠኛለህ። አየህ፣ እንድትመጣ ገና ከመጀመሪያው መስመር እየጠመዘዝኩህ ነው።

ጤናህ እንዴት ነው? ያ የምትሸከመው የመንገድ ቀያሾች ዘንግ አልከበደህም? እኛ ደህና ነን። እትዬ ሸዋ ሞባይል ገዝተዋል። አክስታችን ስልክ ሲያወሩ ስልክ አያስፈልጋቸውም፤ ደብረ ዘይት ያለ ሰው በመስኮት ይሰማቸዋል። አንተ ያለህበት ኔትወርክ የለም ብላቸው «ጮክ ብዬ ባወራስ?» አሉኝ። ጎረቤታችን ጋሽ ዋቅጋሪ ደግሞ ሐኪም ስፖርት አዞባቸው በየጠዋቱ ቱታ ለብሰው ይሮጣሉ። ማለቴ ሆዳቸው ይሮጣል፣ እሳቸው ይከተሉታል። በኛ በር ሲያልፉ ግን አሁንም ወደ ውስጥ አይገቡም። ከአጥሩ ውጪ ቆመው «እንደምን አደራችሁ» ይላሉ፣ መልሱን ሳይጠብቁ ይሄዳሉ። አባዬም መልሱን የሚሰጠው ከሄዱ በኋላ ነው።

ቤቱን ልንገርህ። ከሳሎን ወደ ጓዳ የሚያስገባው በር፣ የእትዬ ዙለይካ ሙሔ የወደቀበት ያ በር፣ አሁንም ማንም ቀጥ ብሎ አያልፍበትም። ሁላችንም ጎናችንን አዙረን ነው የምናልፈው፣ መሀሉ ላይ ሰው የቆመ ይመስል። ማንም እንዲህ እናድርግ ብሎ አልተናገረም። እትዬ ሸዋን ታውቃቸዋለህ፣ ጎን የሚባል ነገር የላቸውም፤ ግን እንደምንም ፈልገው ያዞራሉ። እኔ አንዳንዴ ማንም ከሌለ ቀስ ብዬ «ይቅርታ ሙሔ፣ ልለፍ» እላለሁ። እንደ ድሮው ይፎግረኛል ብዬ እጠብቃለሁ። አይፎግረኝም። ከባድ ሳጥን ይዟል።

ከላይ ያለው ግሮሰሪ በር ላይ የለስላሳ ሳጥን ከመኪና ሲያወርዱ ጠርሙሶቹ ሲንቀጫቀጩ ደግሞ ሌላ ነው። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የያዘውን እንደያዘ ቀጥ ይላል። ሬዲዮኑ ብቻ ያወራል። ከዚያ መኪናው ይሄዳል፣ እትዬ ሸዋ «በስመ አብ» ይላሉ፣ ኑሮ ይቀጥላል።

እትዬ ዙለይካ ሱቃቸውን እንደገና ከፍተዋል። ለስላሳ ግን አይሸጡም። መንገደኛ መጥቶ «ሚሪንዳ አለ?» ሲላቸው «የለም» ይላሉ። «መቼ ይመጣል?» ካላቸው ስኳር መመዘን ይጀምራሉ፣ ማንም ያላዘዘውን ስኳር። ስላንተ ይጠይቁኛል፣ ታውቃለህ? ሁሌ በአንድ ቃል ነው፦ «ይበላል?» ይላሉ። «ይበላል» እላለሁ። እኔ ምን አውቄ። ይህን ደብዳቤም የምጽፈው ከሳቸው ሱቅ ጀርባ ካለችው ጓዳ ነው፣ በዱቄት ጆንያና በሳሙና ካርቶን መሀል። ቤት ሆኜ እንዳልጽፍ እትዬ ሸዋ ትከሻዬ ላይ ቆመው ያነባሉ። ማንበብ አይችሉም፤ ግን ያነባሉ።

በቃ፣ ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ስፈራ ቀልድ እንደማበዛ አንተ ታውቃለህ።

ባለፈው በላክኸው ደብዳቤ ስለ ዝናቡ ሁለት ገጽ ጽፈህ መጨረሻ ላይ «ምናልባት እኔው ከፍቼው ይሆናል፤ እጄን አላምነውም» ብለሃል። ያቺን መስመር ካነበብኩ ወዲህ እጅህን አያታለሁ። ማለቴ በሐሳቤ። ሻይ ስትቀዳ፣ ጫማህን ስታስር፣ ጣትህን እያየህ «አንቺ ነሽ?» ስትላት። እባክህ ቴዎ፣ ያን ቀን አንዴ አብረን እንየው። ሁሉንም እንደምታውቀው አውቃለሁ፤ ግን አንድ ነገር ከቦታው ተዛንፎ ነው የኖረው፣ እሱን ላሳይህ።

የእትዬ ሸዋ ልጅ መልስ ነበር። ግቢው ድንኳን ለብሷል። ጋሽ ዋቅጋሪ ያቺን ትንሽ የጀርመን ሽጉጥ ታጥቀው መጥተዋል። ፈቃዷ ገና ትኩስ ስለነበር ሙቀት የበዛባቸው መስለው በየደቂቃው ኮታቸውን ይገልጡ ነበር። ሙሽሮቹ ሲገቡ ይተኮስ ተባለ። ወጉ ደግሞ ባለሽጉጡ ራሱ አይተኩስም፤ ከቤቱ ለሚከበረው ወታደር ይሰጣል። ጋሽ ዋቅጋሪ በገዛ እጃቸው አዘጋጅተው «ቸሩ፣ አንተ እያለህ እኔ አልተኩስም!» ብለው ለአባዬ ሰጡት። አባዬ ወደ ሰማይ አንዴ ተኮሰ። ሰፈሩ ርችት መስሎት እልል አለ። አባዬ እንደዚያ ቀን ሲያምርበት አይቼው አላውቅም፤ ደረቱ ከድንኳኑ ሊወጣ ነበር።

ከዚያ በሽጉጧ ጎን ያለችውን መቆለፊያ በአውራ ጣቱ ዳሰሳት። ወደ ላይ ናት። «ተኝታለች» አለ። ላንተም ሰጠህና «ቴዎ፣ ቁምሳጥን ውስጥ አስገባት። ቆልፌያታለሁ» አለህ። አንተ አየሃት። ወደ ላይ ናት። ከልጅነታችን ጀምሮ በማንኪያ ጭራ ያስተማረን እንደዚያ ነው፦ ወደ ላይ እንቅልፍ፣ ወደ ታች ንቃት። ይዘሃት ወደ ውስጥ ገባህ። ሙሔ የለስላሳ ሳጥን ታቅፎ በጓዳው በር ብቅ አለ። መንገድ ልትለቅለት ዞር አልክ።

ከዚህ በኋላ ያለውን አልጽፈውም።

መርማሪው ሽጉጧን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ያለህን ግን ልድገመው፦ «የዚች ምላጭ ከባድ ነው፤ ሰው ካልፈለገ አይሳብም።» ከዚያ ደግሞ «ባለፈው ሳምንት ከሟች ጋር በኳስ ተጣልታችሁ አልነበር?» አለህ። አባዬም ተጠየቀና «ቆልፌ ነው የሰጠሁት» አለ። አልዋሸም፤ እንደዚያ ነበር የሚያምነው። ግን ያ ቃል ከአፉ ሲወጣ፣ ሽጉጧን የከፈታት ሰው አንተ ብቻ ሆነህ ቀረህ። ፍርድ ቤቱ በገደብ ለቀቀህ። ሰፈሩ ግን አለቀቀህም። አንተም ራስህን አለቀቅክም፤ ቴፒ ገባህ።

አሁን አዲሱን ነገር ስማ።

አባዬ ከመስቀል በኋላ ሥራ ቀይሯል። መስቀል ፍላወር ያለ ሆቴል በር ላይ ነው። እንግዶች ሽጉጣቸውን አስረክበው የሚገቡበት ቤት ነው። ደንቡ ባለቤቱ ራሱ ጥይቱን አውጥቶ የብረት ሳጥኑ ውስጥ ያስቀምጣል፤ የአባዬ ድርሻ ቁልፉን መያዝና ፊቱን አኮሳትሮ መቆም ነው። ማኮሳተሩን ያለ ሥልጠና ይችለዋል።

አንድ ቅዳሜ ምሳ ዕቃውን ይዤለት ከደምበል በእግሬ ወረድኩ። እዚያ ስደርስ አንድ ጎልማሳ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሀል ቆልፎ እያወራ ሽጉጡን እንዳለች ለአባዬ ዘረጋለት። አየኋት። የጋሽ ዋቅጋሪ ሽጉጥ መንታ እህት ናት። አባዬም አያት። መቆለፊያዋ ወደ ታች ነው።

«ወንድሜ፣ ክፍት ሽጉጥ ታጥቀህ ነው ከተማ የምትዞረው?» አለና በአውራ ጣቱ ወደ ላይ ገፋት። እኔን ደግሞ በዓይኑ ጠቀሰኝ፣ «አየሽ የዛሬ ልጆችን» ለማለት።

ሰውየው ስልኩን ከጆሮው አወረደ። «ጋሼ፣ ቀስ! አሁን እኮ ነው የከፈቷት!»

«ቆለፍኳት እንጂ።»

«አይ፣ ይቺ እንደዛ አይደለችም። ወደ ታች ስትሆን ነው የምትተኛው። እርስዎ ማካሮቭ ይዘው ነበር መሰለኝ፤ ወደ ላይ የምትቆለፈው የራሺያዋ ናት። ተገላቢጦሽ ናቸው። ብዙ ሰው ይሳሳታል።»

«ብዙ ሰው ይሳሳታል» አለ፣ እንደ ዋዛ። ከዚያ ተቀብሎት ጥይቷን አራገፈ፣ ባዶ መሆኗን አሳየው።

አባዬ የጠየቀው ጥያቄ ግን ከሆዱ ሳይሆን ከጉድጓድ የወጣ ነው የሚመስለው። «ከተተኮሰች በኋላስ? እንዲሁ ወደ ላይ እንዳለች ሰው ቢይዛት?»

«ከኋላ ያለችው መዶሻ ተነስታ ትቀራለቻ። ያኔ ምላጩን መንካት ነው፣ አለቀ።»

«ምላጩ ግን ከባድ ነው» አለ አባዬ። የመርማሪውን ቃል፣ አንድ ፊደል ሳያጎድል።

«የሚከብደው የመጀመሪያው ነዋ። ይሞክሩት፣ ባዶ ናት።»

አባዬ አፈሙዟን ወደ አሸዋው ባልዲ አዙሮ ሳበ። የጣቱ አንጓ ነጣ፤ ክንዱ ሁሉ አብሮ ተሳበ። ልክ እንደዚያ እንደሚይዘው እንደ ጓዳችን መስኮት ነው፦ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ከዚያ ቀጭ። ሰውየው መዶሻዋን ወደ ኋላ አነሳለትና «አሁን ደግሞ» አለው። ቴዎ፣ ሁለተኛውን ጊዜ ጣቱ ሲንቀሳቀስ አላየሁም። ዓይኔን ተክዬ ነበር፤ አላየሁም። ድምፁን ብቻ ሰማሁ።

ሰውየው ሽጉጡን ራሱ ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጦ ጥብስ ሊያዝዝ ገባ። አባዬ እዚያው ቆመ። ምሳ ዕቃውን ተቀበለኝና «ሂጂ» አለኝ። ሳይቆጣ። እንዳልተቆጣኝ ሳይ ነው የፈራሁት።

ገባህ አይደል? ጋሽ ዋቅጋሪ ያን ቀን አዘጋጅተው ሲሰጡት መቆለፊያዋን ወደ ላይ አድርገዋት ነበር፤ ለመተኮስ። አባዬ ተኮሰ። መዶሻዋ ተነስታ ቀረች። ጣቱ ወደ ላይ መሆኗን ዳሰሰና «ተኝታለች» አለ፤ ዓይኑ እልልታው ላይ ነበር። እሷ ግን ከማንም በላይ ነቅታ ነበር። አንተ አልከፈትካትም። ያየኸው ልክ ነው። የተማርከውን ነው ያየኸው። ከባድ ነው የተባለው ምላጭም ያን ጊዜ ከባድ አልነበረም። ጣትህ እዚያ ነበረች፣ ያን አልዋሽህም፤ ሙሔንም ይሄ ደብዳቤ ከሳጥኑ ጋር ከበሩ ላይ አያነሳልኝም። ግን ጣትህ አልፈለገችም። ያንን የማውቀው ስለምወድህ ብቻ አይደለም፤ በዓይኔ ስላየሁት ነው።

አባዬ ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ሰው ሆኗል። የራሺያ ሽጉጡን በ83 ሠራዊቱ ሲበተን አስረክቧል፤ አውራ ጣቱን ግን የተረከበው የለም። ያ ጣት እኮ ሁሉን ነገር ወደ ላይ ነበር የሚገፋው፤ የመብራት ማጥፊያውን፣ የሬዲዮኑን ቁልፍ፣ የታክሲ መስኮቱን። ስንት ጊዜ ስቀንበታል። አሁን ሬዲዮ ሊያጠፋ ይሄድና ጣቱ አየር ላይ ይቆማል፣ መንገድ እንደጠፋበት ሰው። ዜናው ያልቃል፣ ዘፈን ይጀምራል፣ እሱ ቆሟል። እትዬ ሸዋ «መተት ነው!» ብለው ጣቱን ጸበል ውስጥ ነከሩት። እሱም ዝም ብሎ ተነከረ። አባዬ! ድሮ ቢሆን ጸበሉን ከነጀሪካኑ ነበር የሚያባርረው። ያን ቀን ደግሞ በሩ ጋ ደርሶ፣ ጎኑን ማዞር ረስቶ ይሁን አውቆ አላውቅም፣ ቀጥ ብሎ መሀሉ ላይ ቆመ። ብዙ ቆየ። እዚያ ያለው ሰው ሳጥኑን እንዲያቀብለው የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

ሰሞኑን ደፈርኩና «አባዬ፣ ለቴዎ እንጻፍለት?» አልኩት።

«ምን ብለን?»

«ያየኸውን።»

«ምን አየሁ?» አለና ካፖርቱን ይዞ ወጣ። ፀሐይ ነበር።

እኔ ብነግርህ ወሬ ነው፣ አውቃለሁ። «ሐሴት ልታጽናናኝ ነው» ትላለህ። እሱ ሲናገር ነው ቃል የሚሆነው፤ ቆልፌ ነው የሰጠሁት ያለው እሱ ነዋ። እንዲናገር ለማድረግ ያልሞከርኩት ነገር የለም። አኩርፌያለሁ፣ ቀልጃለሁ፣ ሻዩን ያለ ስኳር ሰጥቼዋለሁ። ጠጣው። በቃ፣ ሽማግሌ ሲያፍር እንደ በሬ ነው፤ ቢገፉት አይሄድም፣ ቢስቡት አይሄድም። ስለዚህ እሱን መጠበቅ ትቼ ልኬልሃለሁ። ብታምነኝም ባታምነኝም ለገና ና። ፈርተህ ከሆነ በበሩ አብረን እናልፋለን፣ እኔ በቀኝ አንተ በግራ፣ ሙሔን መሀል አድርገን።

እትዬ ሸዋ የመላእክቱን ስም በሙሉ ዘርዝረው እንዲጠብቁህ አዘዋቸዋል፤ ካልጠበቁህ ከሳቸው ጋር ነው ጣጣው። እኔ ደግሞ አንድ ብቻ እለምንልሃለሁ፦ ፈጣሪ እጅህን ይመልስልህ። ሻይ ስትቀዳ ሻይ ብቻ የምትቀዳ እጅ።

የምትወድህ ታናሽህ፣
ሐሴት

ቆይ ቴዎ። ፖስታውን ልዘጋው ስል የአባዬን ድምፅ ሰማሁ። ሱቁ ውስጥ ነው። እዚህ ሱቅ! ከዚያ ቀን ወዲህ ደጁን ረግጦት አያውቅም፤ ክብሪት እንኳ ዞሮ ከላይኛው ሰፈር ነው የሚገዛው። መጋረጃው ብቻ ነው የሚለየን። የሚሉትን እጽፍልሃለሁ፤ ጽሑፌ ከተንጋደደ ጉልበቴ ላይ ስለሆነ ነው።

«ዙለይካ፣ እንደምን ዋልሽ» አለ።

«አልሐምዱሊላህ። ምን ልስጥህ?»

«ምንም።»

«ምንም የለኝም። ስኳርና ሳሙና ነው ያለኝ።»

ሚዛናቸው ብቻ ይወዛወዛል፣ ሲጢጥ ሲጢጥ ይላል።

«ያን ጊዜ ቆልፌ ነው የሰጠሁት ብዬ ነበር» አለ አባዬ።

«ብለሃል። ፍርድ ቤት ከኋላህ ተቀምጬ ሰምቼሃለሁ።»

«ክፍት ነበረች። ክፍት አድርጌ ነው ለልጄ ያስያዝኩት። እሱ ምንም አልነካም። ያስተማርኩትን ነው ያየው። ያስተማርኩት ደግሞ ለሌላ ሽጉጥ ነው። እኔ ነኝ፣ ዙለይካ። ሙሐሲንን እኔ ነኝ።»

ሚዛኑ ቆሟል። አንዲት ሴትዮ መጥታ «ኦሞ አለ?» አለች፤ ማንም አልመለሰላትም፣ ሄደች።

«መቼ አወቅክ?» አሉ እትዬ ዙለይካ።

«ይኸው ሳምንታት ሆነኝ።»

«ሳምንታት።» ድምፃቸው አልጨመረም። «የኔን ልጅ አፈር ወሰደው፣ ቸሩ። የሰጠኝ ወሰደው ብዬ ተቀመጥኩ። ያንተንስ ማን ወሰደው? በሕይወት ያለ ልጅ እኮ ነው! እኔ በየቀኑ ይበላል ወይ ብዬ የምጠይቀው፣ አንተ አባቱ ዝም ብለህ የምትቀመጠው? እኔ ነበርኩ እንዴ የምጠራልህ?»

አባዬ እያለቀሰ ነው መሰለኝ። አላውቅም። አባዬ ሲያለቅስ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው ሰምቼ አላውቅም።

«ምን ብዬ ልጻፍለት?» አለ። «እጄ እኮ…»

«እጅህን ተወው። እጅ ያላት ልጅ አለችህ። ከሰዓት ሙሉ እጓዳዬ ተወትፋ ስትሞነጫጭር ነው የዋለችው። እኔ የማላውቅ መስሏታል።»

ወይኔ። የዱቄት ጆንያ ለመምሰል እየሞከርኩ ነው። መጋረጃው ስር ጫማው ይታየኛል፣ ቆሟል፣ እ

«ሐሴት! ወረቀቱ ቦታ ተርፎታል?»